«ኔት ስለሌለ ኮሚት አላደረግኩም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ተለማማጅ ልጅ ቢሮአችን ሦስት ቀን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ ሰነበተ። ደሴ ፒያሳ ነን፤ ኔትወርኩ ደግሞ እንደ ጦሳ ተራራ ጉም ነው፣ መጣ ሲሉት ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን «እስኪ የለወጥከውን አሳየኝ» አልኩት። «ኔት ስለሌለ እኮ ኮሚት አላደረግኩም» አለኝ። ኮሚት ማለት የለወጣችሁትን ጊት በሚባለው የለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም ውስጥ ማስመዝገብ ነው።

ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«ጊት ያለ ኢንተርኔት አይሠራም»

ይሠራል። ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ የጻፈው በፈረንጆቹ 2005 ነው። ጊትሃብ የመጣው በ2008 ነው። ሦስት ዓመት ያህል ጊት ያለ ጊትሃብ ኖሯል ማለት ነው። ጊት ላፕቶፓችሁ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ ጊትሃብ ሥራችሁን የምትሰቅሉበት ድረ ገጽ ነው። ስማቸው ስለተመሳሰለ አንድ አይሆኑም።

ኮሚት ስታደርጉ የሚሆነው ይህ ነው። ፕሮጀክታችሁ ውስጥ «ዶት ጊት» የሚባል ድብቅ ፎልደር አለ። ኮሚቱ እዚያ ይገባል፣ አለቀ። ከዲስካችሁ የትም አይሄድም። የድሮውን ማየት፣ ብራንች (ከዋናው ሥራ የተለየ ቅርንጫፍ) መክፈት፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ አንዱም ዳታ አይበላም። ኔት የምትፈልጉት ጊትሃብን ከመሰለ ሩቅ ሰርቨር ጋር ፑሽ (መላክ) ወይም ፑል (ማምጣት) ስታደርጉ ብቻ ነው። ያላመነ ዋይፋዩን አጥፍቶ ይሞክረው።

«ብቻዬን ነው የምሠራው፣ ጊት ምን ያደርግልኛል?»

ይህችኛዋ ናት የምታናድደኝ፤ እኔም ስላት ኖሬያለሁና።

ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ላይ የመኪና መለዋወጫ ለሚሸጡ አንድ ሀጂ የሽያጭና የዱቤ መመዝገቢያ ሠርቼላቸው ነበር። ያኔ የኔ ጊት ፎልደር መገልበጥ ነው። ዴስክቶፔ ላይ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ፋይናል ትክክለኛው» እና «ይሄ አይነካም» ተደርድረዋል። የዱቤ ሂሳቡ ላይ የነበረውን ስህተት ያረምኩት «ፋይናል 2» ውስጥ ነው። የደረሰኝ ማተሚያውን የጨመርኩት ግን «ትክክለኛው» ላይ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። እኔ ስሙን አምኜ «ትክክለኛው»ን በፍላሽ ያዝኩና በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ጫንኩላቸው፣ ምሳ ጋበዙኝ፣ ተመለስኩ።

በማግስቱ ደወሉ። «ልጄ፣ ደረሰኙ ማሻአላህ አምሮ ይወጣል። ግን ከፍሎ የጨረሰውን ሰው ባለዕዳ ያደርግብኛል።» አንድ የቆየ ደንበኛቸውን ጭራሽ «ቀሪ አለብህ» ብለውት ነበር። ሰውየው የከፈለበትን ደረሰኝ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው።

እንደገና ሐረጎን ወረድኩ። ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን ከፍቼ ልዩነቱን በዓይኔ ስለቅም ዋልኩ። ሀጂ አልተቆጡም፤ ቡና ብቻ ያስመጡልኛል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጊት ቢኖረኝ ፎልደሩ አንድ ነው። ሁለቱን ሥራ በሁለት ብራንች ብሠራቸው እንኳ መርጅ ማድረግ፣ ማለትም ማዋሃድ ነው። «ጊት ዲፍ» ደግሞ ቀኑን ሙሉ በዓይኔ የፈለግኩትን በአፍታ መስመር በመስመር ያወጣዋል፤ የተቀነሰው በቀይ፣ የተጨመረው በአረንጓዴ። የቱ ለውጥ እንዳበላሸው ካላወቃችሁ «ጊት ባይሴክት» አለ። ግማሽ ግማሹን እየጣለ ይፈልጋል፤ 100 ኮሚት ውስጥ የተደበቀ ስህተት 7 ጊዜ ያህል ብትሞክሩ ይገኛል።

ከጀመራችሁ አይቀር ደግሞ አንድ ነገር በጨረሳችሁ ቁጥር ኮሚት አድርጉ፤ የሦስት ቀን ሥራ በአንድ አትጠቅልሉ። መልእክቱንም «አስተካከልኩ» እያላችሁ አትለፉት። ምኑን? «ከፊል ክፍያ ከዱቤው እንዲቀነስ» ቢባል ምን ይጎዳል? በአማርኛ ጻፉት፣ ጊት አይከፋውም። የዳታቤዝ ፓስወርድ ግን አብራችሁ አትክተቱ። በሚቀጥለው ኮሚት ብታጠፉትም የድሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ አንዴ ከገባ መፍትሔው ፓስወርዱን መቀየር ነው።

«ኮሚት ካደረግኩ ባክአፕ አለኝ»

የላችሁም። ድብቁ ፎልደር ያለው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ሌባ ሲወስደው አብሮ ይሄዳል። ኔት ከሌለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ «ቤር» የሚባለውን፣ የኮሚት ታሪኩን ብቻ የሚይዝ ሪፖዚተሪ (የጊት ማከማቻ) ክፈቱና እዚያ ላይ ፑሽ አድርጉ። ጊት መድረሻው አሜሪካ ያለ ሰርቨር ይሁን ጠረጴዛው ላይ ያለ ዲስክ ግድ የለውም። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ስልክም ኔትም ባጣችበት ጊዜ የኔ ሥራ የተረፈው እንዲህ ባለ ዲስክ ነው። ላፕቶፑ ቀርቷል። ፍላሽ ብቻውን ግን አትመኑ፤ ሾርትከት ቫይረስ ያየ ሰው ለምን እንደምል ያውቃል።

«ጃቫና ጃቫስክሪፕት ያው ናቸው»

አይደሉም። ሁለት የተለያዩ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች ናቸው። ጃቫስክሪፕት በፈረንጆቹ 1995 ስሙን ያገኘው ጃቫ ስለገነነ ለገበያ ተብሎ ነው።

«ፒኤችፒ ሞቷል»

ፒኤችፒ የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ነው። ዊኪፔዲያንም ዎርድፕሬስንም ተሸክሞ የሚሄድ ሬሳ አይቼ አላውቅም።

«ዩኒኮድ ከመጣ ወዲህ አማርኛ ችግር የለበትም»

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት የዓለም ፊደላት ዝርዝር ውስጥ) የገባው በ1999 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። ማሳያው ተፈትቷል። ፍለጋው አልተፈታም። ወሎ ውስጥ የደንበኛ መዝገብ የሠራ ሰው ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ይማራል። አንዱ ጸሐፊ መሐመድ ብላ ትመዘግባለች፣ ሌላዋ መሀመድ ብላ ትፈልጋለች። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሐ እና ሀ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። «የለም» ይላታል። እንደ አዲስ ትመዘግበዋለች። ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ይገኛል፣ ሦስት ዱቤ ይዞ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው አስቀምጡት፤ ማንም የሰውን ስም የማረም መብት የለውም። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ያዙና እዚያ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ አምጡ፦ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ተጠቃሚው የሚጽፈውንም ከመፈለጋችሁ በፊት እንዲሁ አድርጉ።

ያን ተለማማጅ ልጅ ይህን ሥራ ሰጠሁት። ትናንት ኔት ጠፍቶ እያለ ኮሚት አድርጎ ጠበቀኝ። መልእክቱ «ሀ፣ ሐ እና ኀ በፍለጋ አንድ እንዲሆኑ» ይላል። ኸን ረስቷታል። ደሴ ውስጥ ስንት ኸይሩ እንዳለ አላሰበም።