ይቆይ ወይስ ይሂድ? የቤዝቦል ደጋፊዎች የውል ሙግት በዋሽንግተን

የአሜሪካ ቤዝቦል ውድድር በኖቬምበር መጀመሪያ ይዘጋል፤ የደጋፊዎች ሙግት ግን የሚጦፈው ያን ጊዜ ነው። ማን ይፈርም፣ ማን ይሸኝ፣ ለማን ስንት ዓመትና ስንት ሚሊዮን ዶላር ይሰጥ የሚለው ክርክር የብርዱን ወራት ሙሉ በሬዲዮ፣ በመጠጥ ቤትና በቤተሰብ ማዕድ ላይ ይቀጥላል። ደጋፊው ሜዳ ላይ የሚሆነውን መለወጥ ባይችልም በውል ጉዳይ ራሱን የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ይሾማል።

ለእግር ኳስ ተከታታይ አንዳንዱ ነገር ግር ይላል። የቤዝቦል ክለቦች በአብዛኛው ተጫዋችን በተጫዋች ይለውጣሉ እንጂ የዝውውር ሂሳብ አይከፍሉም፤ ተለዋጩም ብዙውን ጊዜ እምቢ የማለት መብት የለውም። በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በዋናው ሊግ፣ የስድስት ዓመት አገልግሎት እስኪሞላው ድረስ በክለቡ እጅ ነው፤ ሲሞላው ነጻ ወጥቶ ከፈለገው ጋር ይደራደራል። ይህም በችሮታ የተገኘ አይደለም። ከርት ፍለድ የተባለ ተጫዋች በ1969 ወደ ፊላደልፊያ ሲለወጥ አልሄድም ብሎ ተሟገተ፤ በ1972 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። በሩን የከፈተው በ1975 መጨረሻ አንድ የግልግል ዳኛ በሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። የደመወዝ ጣሪያ እስከ ዛሬ የለም፤ ከተወሰነ ገደብ በላይ የሚያወጣ ክለብ ግን ተጨማሪ ግብር ይጣልበታል። ጣሪያ በሌለበት አገር «አቅም የለንም» የሚል ባለቤት የሚያምነው አያገኝም፤ በተለይ የዋሽንግተን ናሽናልስ ባለቤት እንደሆነው የሌርነር ቤተሰብ በሪል እስቴት የበለጸገ ከሆነ።

ይህ ክለብ በ2005 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን የመጣ ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ልቡ ከእግር ኳስ ጋር የሆነውም ጭምር ይህን ሙግት በሥራ ቦታው ሳይሰማው አይቀርም። ሌላ ክለብ ይህን ያህል የሚያከራክር ውሳኔ በአጭር ጊዜ ውስጥ መወሰኑንም እጠራጠራለሁ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሙግት የተነሳው በ2012 ነው። ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ ከሁለት ዓመት በፊት ክንዱን በቀዶ ሕክምና ታክሞ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ ክንዱ እንዳይጎዳ ብሎ በሴፕቴምበር፣ 159 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ከወረወረ በኋላ፣ አሳረፈው። ክለቡ በዚያ ዓመት 98 ጨዋታ አሸንፎ ከሁሉም ይመራ ነበር። በኦክቶበር ከሴንት ሉዊስ ጋር በነበረው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ አምስተኛና ወሳኝ ጨዋታ 6 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ለማለፍ አንዲት ውርወራ ሲቀረው፣ 9 ለ 7 ተሸነፈ። «ስትራስበርግ ቢኖር ኖሮ!» የሚለው ቁጭት ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልበረደም። በ2019 ግን ያው ክንድ ክለቡን ለዎርልድ ሲሪስ (የሊጉ ፍጻሜ) ዋንጫ አበቃ፤ ስትራስበርግም የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ያኔ የሪዞ ደጋፊዎች «አላልናችሁም?» ለማለት አልዘገዩም።

ያ የዋንጫ ዓመት ራሱ የደጋፊን ፍርድ የሚያስተዛዝብ ነው። የክለቡ ትልቁ ስም ብራይስ ሃርፐር ከናሽናልስ የቀረበለትን የአሥር ዓመት የ300 ሚሊዮን ዶላር ውል ትቶ ለፊላደልፊያ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ፈርሞ ነበር። በኤፕሪል 2019 ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ ሕዝቡ በጩኸት አዋረደው፤ እሱም ኳሷን ከሜዳ አሻግሮ በመምታት፣ በሆም ራን፣ መለሰላቸው። ክለቡ እስከ ሜይ 23 ድረስ 19 አሸንፎ 31 ሲሸነፍ «አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር» ያለው ብዙ ነበር። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ እነዚያው ሰዎች ዋንጫ ይዘው ሰልፍ ወጡ።

ከዋንጫው በኋላ ያንኑ ዲሴምበር ክለቡ ስትራስበርግን በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር አስቀረው። መቺውን አንቶኒ ሬንዶንን ደግሞ ሸኘው፤ ሬንዶንም ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ጋር ለዚያው ሰባት ዓመት በዚያው ገንዘብ ተፈራረመ። ማን ተሳሳተ? ስትራስበርግ ከዚያ ወዲህ ስምንት ጨዋታ ብቻ ጀምሮ በ2024 በይፋ ከጨዋታ ተሰናበተ። ሬንዶንም በኤንጅልስ ማልያ በአንድ የውድድር ዘመን 60 ጨዋታ ደርሶ አያውቅም። ሁለቱም ውሎች በጉዳት ተበሉ። እንግዲህ ውል የሚመዘነው በተፈረመበት ቀን በሚታወቀው ነው ወይስ በኋላ በሆነው? አብዛኛው ሙግት ይህን ጥያቄ ሳይለይ ነው የሚካሄደው፤ ለዚህም ነው ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ ብሎ የሚበተነው። የፓትሪክ ኮርቢን ነገር የባሰ ነው። ለስድስት ዓመት 140 ሚሊዮን የተከፈለው ይህ ወርዋሪ የ2019ኙን የመጨረሻ ጨዋታ ድል በስሙ አስመዘገበ፤ በ2022 ግን 19 ሽንፈት በስሙ ተመዘገበ። ዋንጫው እዳውን ሁሉ ይከፍላል ወደሚሉት እኔም አደላለሁ።

ገንዘቡ መቼ ይከፈላል የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ማክስ ሸርዘር በ2015 ከፈረመው 210 ሚሊዮን ግማሹ ለኋላ የተላለፈ ስለሆነ፣ ለሌላ ክለብ እየተጫወተም ከ2022 እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ከዋሽንግተን ይቀበላል። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ደግሞ ለሾሄይ ኦታኒ ቃል ከገባው 700 ሚሊዮን 680ውን አስተላልፏል። አንዳንዱ ይህን ብልሃት ይለዋል፤ ሌላው ነገ የሚመጣውን ቡድን ዛሬ መብላት ነው ይላል።

ከሁሉም የመረረው የሁዋን ሶቶ ጉዳይ ነው። በ19 ዓመቱ ዋናውን ሊግ የተቀላቀለው መቺ በ2022 የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ውል አልቀበልም አለ። ክለቡም በኦገስት ወደ ሳንዲያጎ ለውጦት በምትኩ አምስት ወጣቶችንና አንድ ነባር ተጫዋች ተቀበለ። ሶቶ በ2024 መጨረሻ ከኒውዮርክ ሜትስ 765 ሚሊዮን አገኘ፤ እምቢታው አተረፈው። ከወጣቶቹ ሦስቱ፣ አብራምስ፣ ጎርና ዉድ፣ ለኮከቦች ጨዋታ በቅተዋል፤ ክለቡ ግን በ2025 ከ162 ጨዋታ 96ቱን ተሸንፎ ሪዞንም ማርቲኔዝንም በዓመቱ አጋማሽ አሰናብቷል። ጄምስ ዉድ ነጻ የሚወጣው ከ2030 ውድድር በኋላ ነው። አሁኑኑ ረጅም ውል ይሰጠው የሚሉና ገና ነው የሚሉ ደጋፊዎች ከወዲሁ ተፋጠዋል።