በመጫወቻ ሽጉጥ አፈሙዝ ላይ ያለው ብርቱካናማ ምልክት

በአሜሪካ የምንኖር ወላጆች ደጋግመን የምንጠያየቀው ስለ መጫወቻ ሽጉጥ ብርቱካናማ ጫፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግ ምልክቱን የሚጠይቀው፣ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስል መጫወቻ ሲመረት፣ ሲጓጓዝና ለገበያ ሲቀርብ ነው።

ለልጅዎ የገዙትን የውሃ ሽጉጥ አንሥተው አፈሙዙን ይመልከቱ፤ ደማቁ ብርቱካናማ ቀለም ዙሪያውን ከብቦ ከጫፉ ወደ ኋላ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር መሸፈን፣ የማይለቅም መሆን አለበት። ይህ ቀለም ስለሌለ ብቻ ግን መጫወቻው ሕገወጥ ነው ማለት አይደለም፤ ውስጡን አሳልፎ በሚያሳይ ፕላስቲክ የተሠራ ወይም መላ አካሉ ደማቅ ቀይ ወይም ደማቅ ቢጫ የሆነም ሕጉን ያሟላል። በአየር ግፊት የሚተኩሱ የተለመዱ የቢቢ (ትንንሽ የብረት ድብልብል ጥይት የሚተኩሱ) እና የፔይንትቦል (ቀለም የያዙ ኳሶች የሚተኩሱ) ጠመንጃዎች በዚህ ግዴታ ውስጥ አይገቡም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

እስካሁን ያልሁት በመላ አገሪቱ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እንደየስቴቱና እንደየከተማው ይለያያል፤ ለምሳሌ የኒውዮርክ ከተማ ጥቁርና ብርማ መጫወቻ ሽጉጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል።

ወላጆችን አጥብቄ የምለምነው ምልክቱን የደኅንነት ዋስትና አድርገው እንዳያዩት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በክሊቭላንድ ከተማ ፖሊስ ተኩሶ የገደለው የ12 ዓመት ልጅ ይዞት የነበረው፣ ብርቱካናማ ጫፉ የተነሣ ኤርሶፍት (ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ) ሽጉጥ ነበር።