ቮልቱ መቼ ይካፈላል፣ መቼ ይባዛል?

ቮልቴጅ (በቮልት የሚለካው የኤሌክትሪክ ግፊት) እና ከረንት (በአምፔር የሚለካው ፍሰት) ታውቀው ሬዚስታንስ (ፍሰቱን የሚገታው ተቃውሞ) ወይም ኃይል ሲጠየቅ፣ ሁለቱ ስሌቶች ደጋግመው ይምታታሉ። ሬዚስታንስ ከሆነ ቮልቱ ለአምፔሩ ይካፈላል፤ ውጤቱ ኦም ነው። ኃይል ከሆነ ሁለቱ ይባዛሉ፤ ውጤቱ ዋት ነው። ከረንቱ በሚሊአምፔር ከተሰጠ ግን አስቀድሞ ለ1,000 ይካፈል። ቀመሩን በቃሉ የሚያውቅ ሰው እንኳ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

በ220 ቮልት የሚሠራ የውኃ ማፍያ 10 አምፔር ይስባል እንበል። ሬዚስታንሱ 22 ኦም፣ ኃይሉ 2,200 ዋት ይሆናል። ቮልቴጁ ወደ 110 ቢወርድስ? «ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል» የሚለው መልስ ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል፤ ስሕተት ነው። ሬዚስታንሱ እዚያው 22 ኦም ላይ ከቆየ ከረንቱም ወደ 5 አምፔር ይወርዳልና፣ 110 በ5 ተባዝቶ የሚገኘው 550 ዋት፣ ማለትም ሩቡ ብቻ ነው።

«ዋቱ የበዛ ዕቃ ሬዚስታንሱም ይበዛል» የሚባለውም ተገላቢጦሽ ነው። በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ብዙ ዋት የሚፈጀው ሬዚስታንሱ ያነሰው ነው።

ይህ ሁሉ ለማሞቂያ ዕቃዎች በደንብ ይሠራል። ባለክር አምፖል ግን ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብትለኩት፣ ሬዚስታንሱ በርቶ ሳለ ካለው በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ መለኪያችሁ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። በቤት መስመር ተለዋጭ ከረንት (ኤሲ) የሚሠራ ሞተር ላይ ደግሞ ቮልትና አምፔር ማባዛት ብቻ ከእውነተኛው ኃይል የበለጠ ቁጥር ይሰጣል፤ ፓወር ፋክተሩም (ከዚያ ብዜት ምን ያህሉ እውነተኛ ኃይል እንደሆነ የሚያሳየው ከ1 የማይበልጥ ቁጥር) አብሮ መባዛት አለበት።