«ፍሪ ቪዛ» ነጻ አይደለም

ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ ይዛችሁ ብትቀመጡ፣ ከጎን ጠረጴዛ «ፍሪ ቪዛ አለ» የሚል ወሬ ጆሯችሁ መግባቱ አይቀርም። ብዙ ሰው በነጻ የሚገኝ ይመስለዋል። እንዲያውም ውዱ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኛ ቪዛ የሚወጣው በአንድ አሠሪ ስም ነው፤ ሰውየው በዓረብኛ «ከፊል» (ስፖንሰር) ይባላል። በ«ፍሪ ቪዛ» ከፊሉ የሚሸጠው ስሙን ብቻ ነው። የሚሰጠው ሥራ የለም። እናንተ ሌላ ቤት ትሠራላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ግን አሠሪያችሁ እሱ ነው። ፖሊስ ከያዛችሁ እስር ወይም ወደ አገር መመለስ ሊመጣ ይችላል። ከፊሉ «ሠራተኛዬ ጠፋችብኝ» ብሎ ቢያመለክትስ? ያው ነው፣ ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች።

በእኛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት የሠራተኛው ነው። ስለዚህ ደላላው «ለቪዛው» ብሎ ብር ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሚከፍለውን ከእናንተ ኪስ እየወሰደ ነው (የራሱን ድርሻ ሳንረሳ)።

ከመክፈላችሁ በፊት ቪዛው ላይ ያለው የአሠሪ ስም ከውሉ ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ውል ከሌለ፣ ማኪያቷችሁን ጨርሳችሁ ተነሱ።