ውርስ ትርጉም ምንድን ነው? የምንወደው የፋንታሲ መጽሐፍ ፊልም ሲሆን

መጽሐፉን ካነበበ ሰው ጋር ሲኒማ መግባት ፈተና ነው። ገና መብራቱ ሲጠፋ ማንሾካሾክ ይጀምራል። «እዚህ ጋ እኮ ሌላ ሰው ነበር።» «ይሄ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።» «ፀጉሩ እንደዚህ አይደለም።» ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ጓደኛዬ አንድ ሰዓት ያህል ታገሠና «ወይ ዝም በል፣ ወይ ወጥተህ መጽሐፍህን አንብብ» አለኝ። እውነቱን ነው። የገባሁት ፊልም ላይ ሆነ እንጂ ልቤ መጽሐፉን ሲያመሳክር ነበር።

መጽሐፍን ወደ ፊልም የመመለሱን ሥራ የፊልም ሰዎች አዳፕቴሽን ይሉታል። አማርኛም የራሱ ቃል አለው፤ ውርስ ትርጉም። ከቴአትርና ከድርሰት ሰፈር የመጣ ቃል ነው። አንድን ሥራ ቃል በቃል ከመተርጎም ይልቅ አጥንቱን ይዞ ሥጋውን እንደ አዲስ ማልበስ ማለት ነው። ቃሉን እወደዋለሁ። የወረሰ ሰው ቤቱን ይረከባል እንጂ እንደ ሟቹ አይኖርበትም። ግድግዳ ያፈርሳል፣ በር ያዞራል፣ መስኮት ይደፍናል። ዘመድ አዝማድ ሊጮህ የሚገባው ምሰሶውን ከነካ ነው።

ፋንታሲ ላይ፣ ማለትም ዘንዶና ጠንቋይ በሞሉበት የምናብ ታሪክ ላይ፣ ጩኸቱ ለምን ይበረታል? ስለ ጠበቃ የሚተርክ ልብ ወለድ ሲሆን ሁላችንም ፍርድ ቤት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ዘንዶን ግን ማንም አላየውም። ያነበበው ሰው ሁሉ ግን መልኩን ያውቃል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ራሱ ሠርቶታል። ፊልሙ ለሚሊዮኖች የሚያሳየው አንድ ዘንዶ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ከጅምሩ አብዛኛው አንባቢ የእሱ ዘንዶ እንደተወሰደበት ይሰማዋል።

ሒሳቡም አይገጥምም። በፊልም ሥራ የተለመደ መለኪያ አለ፤ አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት የአንድ ደቂቃ ፊልም ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሄድ ፊልም እንግዲህ 150 ገጽ ያህል ነው፤ እሱም ገጹ ግማሽ በግማሽ ባዶ የሆነ ጽሑፍ። የጄ አር አር ቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ቅጽ ሲታተም ከ1,000 ገጽ በላይ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ መቁረጥ ግድ ነው። የሚያከራክረው የትኛው ይቆረጥ የሚለው ነው።

ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ከዚሁ መጽሐፍ ሠርቶ ከ2001 እስከ 2003 ባወጣቸው ሦስት ፊልሞች ውስጥ ቶም ቦምባዲል የለም። ጫካ ውስጥ እየዘፈነ የሚኖር፣ ሰማያዊ ኮትና ቢጫ ቦቲ የሚያደርግ ጉደኛ ሽማግሌ ነው። ታሪኩ ሁሉ የሚዞርበትን፣ የያዘውን የሚያሳብድ ክፉ ቀለበት ጣቱ ላይ ያጠልቀዋል፤ ምንም አይሆንም። እየሳቀ ይመልሰዋል። መጽሐፍ ላይ ይህ ግሩም ነው። ፊልሙ ግን ቀለበቱን ማንም እንደማይችለው ሊያሳምነን ደፋ ቀና በሚልበት ሰዓት እንዲህ የሚጫወትበት ሰው ቢያስገባ ፍርሃቱ ሁሉ እንደ ጉም ይተናል። እኔ ቦምባዲልን እወደዋለሁ። ቢሆንም መቆረጡ ልክ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ይደረጋል። በመጽሐፉ ቀለበቱን የተሸከመው ፍሮዶ ቆስሎ ወንዝ የሚሻገረው ግሎርፊንዴል በሚባል ኤልፍ (የማይሞት የምናብ ዘር) ፈረስ ነው። ፊልሙ ላይ አርዌን የምትባለው ኤልፍ ራሷ አፈናጥጣ ታሻግረዋለች። አንድ ጊዜ ታይቶ ለሚጠፋ ሰው ፊት፣ ልብስና ንግግር ከማባከን፣ መጨረሻ ላይ የምትሞሸረውን ሴት ቀድሞ ማስተዋወቅ ይሻላል።

ችግር የሚመጣው ምሰሶ ከግድግዳ ሳይለይ ሲቀር ነው። የሃሪ ፖተር አምስተኛ መጽሐፍ ከሰባቱ ረጅሙ ሲሆን ፊልሙ ግን 138 ደቂቃ ብቻ ነው። የስክሪፕቱ አንድ ረቂቅ ክሪቸር የሚባለውን ነጭናጫ የቤት አገልጋይ አውጥቶት ነበር። የመጨረሻው መጽሐፍ ያኔ ገና ለገበያ አልወጣም ነበር። ደራሲዋ ጄ ኬ ሮውሊንግ እሱን ባታወጡት ይሻላል ብላ አስጠነቀቀች። መጨረሻው መጽሐፍ ሲመጣ እውነትም ያ አሮጌ አገልጋይ ተፈለገ። ተቃራኒውም አለ። በ1937 የታተመው «ዘ ሆቢት» 300 ገጽ ገደማ የሆነ የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ሦስት ረጃጅም ፊልም ወጣው። እዚያ ቆራጩ ሳይሆን ውኃ ጨማሪው ነበር ሥራ የበዛበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መጽሐፍ በቃል የሚነግረንን ወደሚታይ ነገር መመለስ ነው። ደራሲ «ቀለበቱ ከበደው» ይላል፤ አለቀ። ካሜራ ክብደት አያይም። ጃክሰን ምን አደረገ? ከፍሮዶ በፊት ቀለበቱን የያዘው ቢልቦ ከመዳፉ አንሸራቶ ሲጥለው ቀለበቱ «ድው!» ብሎ ወለሉ ላይ ይቀራል። አይነጥርም፣ አይንከባለልም። ወለሉ ሥር ማግኔት ነበር። አንድ ትንሽ ብረት የቤት ያህል ከበደ፤ ማንም አንድ ቃል አልተናገረም።

ሌላው ጎለም ነው። ቀለበቱ አሳብዶት ነፍሱ ለሁለት የተከፈለች ፍጡር ነው። በመጽሐፉ አንድ ሌሊት ብቻውን ከራሱ ጋር ሲከራከር የፍሮዶ ጓደኛ ሳም ነቅቶ ያዳምጠዋል፤ እኛም የምንሰማው በሳም ጆሮ ነው። በፊልሙ ሳም ተኝቷል። ካሜራው መጀመሪያ ከአንዱ የጎለም ጎን ወደ ሌላው ይዞራል። ከዚያ መዞሩን ይተውና ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ እንደሚደረገው አንዴ ይሄን አንዴ ያንን ያሳየናል። ፊቱ አንድ ነው፤ እኛ ግን ሁለት ሰው እያየን ነው። በመጨረሻ ደጉ ክፉውን «ሂድ፣ እንዳትመለስ» ብሎ ያባርረዋል። ይህ ከመጽሐፉ በእጅጉ የራቀ ነው። ለመጽሐፉም በእጅጉ የታመነ ነው። ውርስ ትርጉም ምንድን ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይህን ትዕይንት ከፍቼ አሳየዋለሁ።

ወደ ብሩ እንምጣ። ደራሲ «አሥር ሺህ ጠላት ከግንቡ ሥር ተሰለፈ» ብሎ ሲጽፍ ያወጣው የቀለም ዋጋ ነው። ያችኑ ዓረፍተ ነገር ፊልም ሠሪ ሲያነባት ላብ ያጠምቀዋል። የሚገርመው ቶልኪን ራሱ በ1958 የቀረበለትን የፊልም ረቂቅ ሲተች፣ ቦታ ካጠረ ሔልምስ ዲፕ በሚባለው ምሽግ የሚደረገው ውጊያ ይውጣ ብሎ ነበር፤ ለዋናው ታሪክ ያን ያህል አያስፈልግም በሚል። ጃክሰን የሁለተኛው ፊልም ቁንጮ ያደረገው ያንኑ ውጊያ ነው። ሰዎቹን ለወራት ሌሊት ሌሊት፣ ያውም በሰው ሠራሽ ዝናብ ሥር ሲያዋጋቸው ከረመ። የጎደለውን ሠራዊት «ማሲቭ» የሚባል ሶፍትዌር ሞላው። ስቲቨን ሬጀለስ ለእነዚሁ ፊልሞች ብሎ የሠራው ነው፤ እያንዳንዱ የኮምፒውተር ወታደር ዙሪያውን አይቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ራሱ ይወስናል። ኒው ዚላንድ ውስጥ በአንድ ላይ የተቀረጹት ሦስቱ ፊልሞች 280 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣባቸው።

እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲመጣ አስተያየቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ፕሮጀክቱን መጀመሪያ የያዘው ሚራማክስ የሚባለው ስቱዲዮ ሁለት ፊልም ሊሠራ ነበር። ወጪው ሲያስፈራው በአንድ ጨምቁት አለ። ጃክሰን እምቢ ብሎ ሌላ ስቱዲዮ ፍለጋ ወጣ። ኒው ላይን የሚባለው ስቱዲዮ አለቃ ቦብ ሼይ ደግሞ መጽሐፉ ሦስት ሆኖ ፊልሙ ለምን ሁለት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ጃክሰን እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕልሙም አልጠበቀም መሰለኝ። ሦስተኛው ፊልም በ11 ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ 11ዱንም ጠራርጎ ወሰደ።

ያው ኒው ላይን በ2007 «ዘ ጎልደን ኮምፓስ»ን አወጣ። ከፊሊፕ ፑልማን መጽሐፍ የተወሰደ፣ 180 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ፊልም ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሕፃናትን የሚያሳድደው ኃይል ቤተ ክርስቲያን መሆኑ አይደበቅም። ፊልሙ ሰው እንዳይቀየም ብሎ ይህን አለዘበው፤ ስም ብቻ ያለው ክፉ መሥሪያ ቤት ሆኖ ቀረ። መጨረሻውም ተነካ። መጽሐፉ የሚዘጋው በክህደትና በአንድ ልጅ ሞት ነው (ያላነበባችሁ፣ ይቅርታ)። ያ ክፍል ተቀርጾ ነበር። ተመልካች ቅር ብሎት እንዳይወጣ ተብሎ ተነሳና ለተከታዩ ፊልም ይቆይ ተባለ። ተከታይ ፊልም አልመጣም። የሃይማኖት ቡድኖቹም ቢሆኑ ፊልሙን አትዩ ከማለት አልተመለሱም። ከሁለት ያጣ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ውጭ አገር በደንብ ቢሸጥም ስቱዲዮው ፊልሙን ለመሥራት ሲል የውጭውን መብት ቀድሞ ሸጦት ነበር። በዓመቱ ኒው ላይን በዋርነር ብራዘርስ ሥር ተጠቃለለ። ምሰሶ መንካት ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ቦምባዲል ቢወጣ ታሪኩ ይቆማል፤ የዚህ ታሪክ መጨረሻ ሲወጣ ግን የታሪኩ ዋና ባለታሪክ የሆነችው ልጅ ያን ሁሉ መንገድ ለምን እንደሄደች አይገባንም።

ደራሲውስ የት አለ? ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍለው ኦፕሽን የሚባለውን ነው። ቀብድ በሉት። መጽሐፉ ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ እንዳይሸጥ ያስይዛል። ሙሉ መብቱ ከተሸጠ በኋላ ደራሲው የሚሰማው ውሉ በፈቀደለት ልክ ነው። ቶልኪንና አሳታሚው በ1957 የያዙት መመሪያ «ጥበብ ወይም ጥሬ ገንዘብ» የሚል ነበር። ወይ ደራሲው ያልፈለገውን የመከልከል ሥልጣን ይኑረው፣ ወይ ደህና አድርገው ይክፈሉ። በ1969 መብቱ ለዩናይትድ አርቲስትስ ተሸጠ። ጥሬ ገንዘቡ አሸነፈ ማለት ነው።

ጀርመናዊው ሚካኤል ኤንዴ ይህን በመራራው ነው የተማረው። «ዘ ኔቨርኤንዲንግ ስቶሪ» በ1979 ሲታተም በሁለት ቀለም ነበር፤ የእኛ ዓለም በአንዱ፣ የምናቡ ዓለም በሌላው። በ1984 የወጣው ፊልም የመጽሐፉን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ይዞ ቆመ። ኤንዴ ወይ ሥራው ይቁም ወይ የፊልሙ ስም ይቀየር አለ። አልሰሙትም። ከሰሰ፤ ተረታ።

ዳያና ዊን ጆንስ ደግሞ በ1986 «ሃውልስ ሙቪንግ ካስል»ን ጻፈች። ቤተ መንግሥቱ በሩ ባለ አራት ቀለም ነው፤ እጀታው በዞረበት ቀለም ወደ ሌላ ቦታ ይከፈታል። በመጽሐፉ ጥቁሩ የሚከፈተው ወደ ዌልስ፣ ወደ ጠንቋዩ ሃውል እውነተኛ የትውልድ አገር ነው። ጃፓናዊው ፊልም ሠሪ ሃያኦ ሚያዛኪ በ2004 ወደ አኒሜሽን ሲመልሰው ዌልስን ጨርሶ አወጣት። ቤተ መንግሥቱን እግር አበቀለለት። ጥቁሩን በር ወደ ጦርነት ከፈተው። ደራሲዋ ግን ደስ አላት።

ይሄን ፊልም ያየሁት ከዚያው ጓደኛዬ ጋር ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል አልተነፈስኩም። ጓደኛዬ ሲወጣ አመሰገነኝ። መጽሐፉን ገና እንዳላነበብኩት አልነገርኩትም።