ፖርትፎሊዮ ምንድን ነው? ዲዛይን ለመማር ውጤት ይበልጣል ወይስ ሥራ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የደብተሩን ጠርዝ ሁሉ በስዕል የሚሞላ ተማሪ አይጠፋም። 12ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ይጨነቃል። ዲዛይን ለመማር የሚፈለገው ውጤት ነው ወይስ የእጅ ሥራ? መልሱ እንደሚያመለክትበት ትምህርት ቤት ይለያያል።

ፖርትፎሊዮ አንድ አመልካች ከሠራቸው ሥራዎች መርጦ የሚያቀርበው ስብስብ ነው። ስዕል፣ ፎቶ፣ የልብስ ንድፍ፣ የካርቶን ሞዴል ሊኖርበት ይችላል። ቁም ነገሩ ምርጫው ነው። አሜሪካ ያለው ሮድ አይላንድ ስኩል ኦፍ ዲዛይን ከ12 እስከ 20 ሥራ ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ አታጭቁ።

እኛ አገር መጀመሪያ የሚታየው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን፣ በዚያ ዙር ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ደግሞ አመልካቾቹን ስዕል ይፈትናል። እጃችሁ ጎበዝ ነው ብላችሁ ሒሳብና እንግሊዝኛን ችላ እንዳትሉ አደራ።

ውጭ አገር ነገሩ ይለያያል። ጣሊያን፣ ሚላን ያለው ፖሊቴክኒኮ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ዲዛይን የሚቀበለው በመግቢያ ፈተና ነው። በአንዳንድ የጀርመን የጥበብ ኮሌጆች ደግሞ ልዩ ተሰጥኦ ያሳየ ሰው መደበኛው የትምህርት ማስረጃ ባይኖረውም የሚገባበት ዕድል አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ውጤትንም ፖርትፎሊዮንም ያያሉ። ውጤቱ ትምህርቱን መወጣት እንደምትችሉ ይነግራቸዋል፤ ፖርትፎሊዮው እንዴት እንደምታስቡ ያሳያቸዋል።

ይሄ «እንዴት እንደምታስቡ» የሚለው ነው ብዙዎቻችን የምንስተው። ከኢንተርኔት የተገለበጠ የታዋቂ ሰው ፊት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ስለ አሳሳላችሁ እንጂ ስለ ሐሳባችሁ ብዙ አይናገርም። ይልቅ ደሴ ሰኞ ገበያ ውረዱ። ዝናብ ሲመጣ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጠው እናት ዕቃዋን በምን ትሸፍናለች? መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ጎርፉ በየት በኩል ይመጣባታል? ቁጭ ብላችሁ ሳሉ፣ ጠይቋት። ከዚያ ታጣፊ መደብ በካርቶን ሞክሩ። የመጀመሪያው ቢወድቅም አትጣሉት፤ ፎቶ አንሱት። ለምን እንደወደቀ በሁለት መስመር ጻፉና ቀጣዩን አጠገቡ አድርጉት። እንዲህ ያለ አንድ ሥራ ከአሥር ቆንጆ ግልባጭ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ውድ ቀለምም አይፈልግም።

በ2014ቱ ጦርነት ትምህርታችሁ ተቋርጦ ውጤታችሁ የወረደ የወሎ ልጆችም አላችሁ። ፖርትፎሊዮ ያንን ውጤት አይሰርዘውም። ሆኖም ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ (Common App) ላይ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። የሆነውን በአጭሩ፣ ሳታጋንኑ ጻፉት። ይህን ማስረዳት ልመና አይደለም።

ሥራችሁን በስልክ ስታነሱ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ አንሱት፤ ፍላሹን አጥፉ። ረቂቆቻችሁንም ከአሁኑ ቀን እየጻፋችሁባቸው አስቀምጡ።