ወይባ፣ እንሶስላ፣ ለጋ ቅቤ

የሀገራችን ሴቶች ገላቸውን ስለሚይዙበት መንገድ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ቃል "መሞቅ" ነው። ጢስ ይሞቃል፣ እንሶስላ ይሞቃል፣ ፍልውሃ ይገባል፣ ጠዋት ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ስፓ ምናምን የሚባለው ሳይመጣ በፊት እናቶቻችን የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፣ ሁሉም ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቶሎ ቶሎ ተብሎ የሚያልቅ አደለም፣ ሁለተኛ ሰውም ይፈልጋል፣ ጀርባሽን የሚያሽ፣ እጅሽን የሚጠቀልል፣ ፀጉርሽን እየከፈለ የሚቀባ። ለኔ ዋናው ቁም ነገር እዚ ጋ ነው፣ ዕቃው ብቻ ተገዝቶ ሲመጣ ግማሹ ይቀራል።

ከሁሉም ስመ ጥሩ ወይባ ጢስ ነው። ወይባ የዛፍ ስም ነው፣ በሳይንሱ ተርሚናሊያ ብራውኒ ይሉታል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ አባሎ ይባላል፣ ደረቅና ሞቅ ያለ አካባቢ የሚበቅል ዛፍ ነው፣ በትግራይ፣ በራያና በወሎ ሴቶች ዘንድ ደግሞ ያልሞቀች የለችም ማለት ይቻላል። ቃሉ ራሱ ደስ ይላል፣ መነኮሳት የሚለብሱት ቢጫ ልብስም ወይባ ነው የሚባለው፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሄደ ነገርም ወየበ ይባላል፣ ጢሱን ደጋግማ የሞቀች ሴት ገላዋም እንደዛው ወርቅማ ቢጫ መልክ ይይዛል፣ ሙሽራ ስትሆን "ምን የመሰለ ወይባ ሞቃለች" የሚባለው ለዚ ነው።

አሠራሩ እንዲ ነው። ከቤቱ ጥግ ወይ ጓሮ ጠበብ ያለ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ መቆፈር ካልተቻለ የሸክላ ዕቃ ይበቃል፣ ፍም ይደረግበትና የተፈለጠው ወይባ ይጨመራል። ነበልባል እንዲነሳ አይፈለግም፣ ዝም ብሎ እንዲጨስ ነው የሚፈለገው፣ ነበልባል ከተነሳ ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም። ሴትየዋ ገላዋን ቅቤ ወይ ቅባት ትቀባና መሀሉ ክፍት በሆነ መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች፣ ከአንገቷ በታች በወፍራም ጋቢ ወይ ብርድልብስ ድፍን ተደርጋ ትሸፈናለች፣ ጭንቅላቷ ብቻ ውጪ ይቀራል። ከዛ ላብ ነው። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ጎን ያለችው ሴት ፊቷን እየጠረገች ውሃ እያጠጣች ወሬ ታወራታለች። ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት እንደ አቅሟ ትቀመጣለች፣ ስትወጣ በሳሙና ተፈትጋ አትታጠብም ምክንያቱም ቀለሙና ሽታው እንዲቆይ ነው የሚፈለገው፣ ላቡ ይጠረግላትና ተጠቅልላ ትተኛለች። እኔ ልጅ ሆኜ አክስቴ የሞቀች ቀን ማታ ቤቱ በሙሉ እሷን እሷን ይሸት ነበር፣ አሁንም የሆነ ቦታ ያ ሽታ ሲመጣብኝ እሷ ትዝ ትለኛለች።

በብዛት የሚሞቁት ሙሽሮችና አራሶች ናቸው። ሙሽራ ከሰርጉ በፊት ለሳምንታት ትሞቃለች። አራስ ደግሞ በገንፎና በአጥሚት እየተጠገነች፣ ወገቧ በቅቤ እየታሸ፣ ሰውነቷ ጠንከር ሲል ጢስ ይደረግላታል፣ ወንድ ከወለደች በ40 ሴት ከወለደች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ከባድ ሥራ አትነካም በሚባልበት ቤት ጢሱም የዕረፍቷ አንድ ክፍል ነው። ልማዱ ድንበር የለውም፣ ሱዳኖች ዱኻን የሚሉት ያው ይሄ ነው፣ እነሱ ጠልህ የሚሉትን የግራር እንጨትና ሻፍ የሚሉትን ያጨሳሉ፣ ሻፍ ማለት ደግሞ የኛው ወይባ ነው። እዛም ያገባች ሴትና ሙሽራ ናቸው ባለቤቶቹ።

ጥቅሙን በተመለከተ ብዙ ይባላል፣ ብርድ ያወጣል፣ ቁርጥማት ያስለቅቃል፣ ማህፀን ያፀዳል። እኔ ልማዱን በጣም እወደዋለሁ ስለምወደውም እውነቱ እንዲነገር እፈልጋለሁ፦ ሙቀት ጡንቻን ያፍታታል፣ ደም ወደ ቆዳ እንዲመጣ ያደርጋል፣ ላብ ያስወጣል፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው እንቅልፍ ለጉድ ነው። የማህፀን ኢንፌክሽን ግን በጢስ አይድንም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይ ህመም ካለ ሀኪም ጋ ነው የሚኬደው። ነፍሰጡር ባትሞቅ ነው የሚሻለው፣ በቅርብ የወለደች ደም ገና እየፈሰሳት ከሆነም ትቆይ፣ አስም ያለባትም እንደዛው። ትልቁ አደጋ ደግሞ የከሰሉ ነው። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አይታይም አይሸትም፣ በር መስኮት ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ዝም ብሎ እንደተኛ ይገድላል። ስለዚ መስኮት ይከፈት፣ ብቻዋንም አትሙቅ፣ ራሷን ካዞራት ወይ ካቅለሸለሻት ወዲያው ትውጣ። የድሮዎቹ አጠገብ ሰው ይቀመጥ የሚሉት ለወሬ ብቻ አልነበረም።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሳሎኖች ይሄን በሳጥን ሠርተውታል፣ ትገቢና ጭንቅላትሽ ብቻ በቀዳዳ ይወጣል፣ ቦታው ንፁህ ከሆነና አየር ካለው ጥሩ ነው፣ ግቢ ለሌለው የኮንዶሚኒየም ሰው መፍትሄ ነው። ውጪ ሀገር ላሉት ግን ከባድ ነው፣ አሜሪካም አውሮፓም አፓርትመንት ውስጥ ጢስ ሲነሳ አላርሙ ይጮሃል፣ አላርም ነቅሎ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ከላይ ባልኩት ምክንያት በፍፁም አይመከርም፣ ጓሮ ያላት ጓደኛ ፈልጎ ደጅ መሞቅ ይሻላል።

ፍልውሃ ሌላው ሙቀት ነው፣ እንደውም ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው በሱ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ እያለ ብርዱ ከባድ ነበር፣ መኳንንቱ እየወረዱ ፍልውሃ ይታጠቡ ነበር፣ እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱትና ቤት ተሠራላቸው፣ በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ ብለው የሰየሟትም እሳቸው ናቸው። እስከ አሁን ሰው ፎጣውን ይዞ እዛ ይሄዳል፣ የሂልተን ሆቴል የመዋኛ ገንዳም ከዚሁ ፍል ውሃ ነው የሚሞላው። ከከተማ ለሚወጣ ከአዳማ አለፍ ብሎ አዋሽ ዳር ሶደሬ አለ፣ ወደ ደቡብ ሻሸመኔ አካባቢ ደግሞ ወንዶ ገነት፣ ዙሪያው ደን ነው፣ ለኔ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። የልብ ወይ የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ግን ብዙ አይቆይ።

እንሶስላን ብዙ ሰው ከሂና ጋ ያምታታዋል። ሂና ከቅጠል ነው፣ እንሶስላ ከሥር ነው። ተክሉ ደጋ ላይ ወንዝ ዳር ጥላ ያለበት ቦታ ይበቅላል፣ ትልልቅ ነጭ አበባ አለው መሀሉ ወይነ ጠጅ ቀለም ጣል ያደረገበት፣ ማታ ማታ ይሸታል። ሥሩ ይቆፈርና ይወቀጣል፣ ማታ እጅና እግር ላይ ተለጥፎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታደራል፣ እንሶስላ ሞቀች የሚባለው ይሄ ነው፣ ጠዋት ሲፈታ ከቀይ እስከ ጠቆር ያለ ቀለም ይዟል፣ ጠቆር እንዲል የምትፈልግ ደጋግማ ትሞቃለች። እጇ የታሰረ ሴት ምንም መሥራት አትችልም፣ ሌላ ሰው ነው የሚያጎርሳት፣ አስቡት ዓመቱን ሙሉ ስታጎርስ የከረመች ሴት አንድ ማታ ሰው ሲያጎርሳት።

በምሥራቅ፣ ሐረርና ድሬዳዋ አካባቢ በተለይ ሶማሌዎች ጋ ቀሲል አለ፣ ከቁርቁራ ዘመድ ዛፍ ቅጠል የሚፈጭ አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ በውሃ ተለውሶ ፊት ይቀባል፣ አረፋ ስለሚያወጣ ፀጉርም ይታጠቡበታል። ኩል ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ከድንጋይ የሚፈጨው አንዳንዱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ ለልጅ ዓይን ባይደረግ ጥሩ ነው።

ቅቤ ለፀጉር ሲሆን ለጋ መሆን አለበት፣ ያልነጠረ፣ ቅመም ያልነካው። አንዳንዱ አደስ የሚባለውን ሽታው ደስ የሚል ቅጠል አድርቆ ፈጭቶ ይቀላቅልበታል፣ የቅቤውን ሽታ ያለዝበዋል። ብዙ ልጆች ቅቤ ተቀብቼ ፀጉሬ አሁንም ደረቀ ይላሉ፣ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ቅባት ያለውን ርጥበት እንዳይወጣ ያሽጋል እንጂ ራሱ ርጥበት አይሰጥም፣ ስለዚ መጀመሪያ ፀጉርሽ በውሃ ይራስ፣ ከዛ እየተከፈለ ቆዳው ድረስ ይቀባ። ሳሎን ካስክ የሚሉት ማሞቂያ ውስጥ ያስገቡሻል፣ ቤት ግን ፀሐይ ይበቃል፣ ደጅ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ ቅቤው ቀስ እያለ ሲቀልጥና በጆሮሽ ጀርባ ሲወርድ የራስ ምታቱም አብሮ የሚወርድ ይመስላል። ማታ ከሆነ ሻሽ ይታሰርና ትራሱ ላይ አሮጌ ፎጣ ይነጠፋል፣ አለዛ አንሶላው አለቀለት። በማግስቱ ለብ ባለ ውሃ ሁለቴ በሻምፖ ይታጠባል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ቅቤው ይረጋና አይለቅም፣ ከዛ ገና ርጥብ እያለ ሹሩባ የምትሠራ ሰው ጉልበት ስር ቁጭ ማለት ነው።